ዋንጫው ያለው አምስተኛው ሯጭ ላይ ነው፦ የኮሌጅ አገር አቋራጭ ቡድንን ለአንድ የውድድር ዘመን የማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

በአገር አቋራጭ ዓይናችን የለመደው ፊት ላይ ያለውን ሯጭ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 የዓለም ሻምፒዮናውን አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ጠቅልሎ ሲወስድ፣ ለቡድኑ ነጥብ መጨረሻ ላይ የተቆጠረው ኢትዮጵያዊ ማን እንደነበር የሚያስታውስ ብዙ ሰው አይገኝም። የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኝ ግን ሥራው የሚለካው በዚያ ማንም በማያስታውሰው ሰው ነው። ቀጥሎ ያለው በአሜሪካ ኮሌጆች በረዳት አሰልጣኝነት ለሚሠሩ፣ በቡድን አምበልነት ለሚያገለግሉ፣ እንዲሁም አገር ቤት በዩኒቨርሲቲና በመምህራን ኮሌጅ ቡድን ለሚይዙ ነው። ቀኖቹና ደንቦቹ የአሜሪካው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የኤንሲኤኤ ናቸው፤ አሠራሩን ግን የትም መውሰድ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ

ከአንድ ኮሌጅ ሰባት ሰው ይሰለፋል። ቀድመው የገቡት አምስቱ ያገኙት ደረጃ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። ፍጹም የሆነው ውጤት 1+2+3+4+5፣ ማለትም 15 ነው። በጆ ቪጂል የሚሠለጥነው አዳምስ ስቴት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1992 በኤንሲኤኤ ሁለተኛ ዲቪዚዮን (እርከን) ፍጻሜ ይህንኑ 15 አስመዝግቧል። በዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ስድስት ሰው ተሰልፎ አራቱ ይቆጠራሉ።

በወረቀት እንየው። አንዱ ቡድን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 15ኛ፣ 24ኛና 38ኛ ገባ፤ ድምሩ 80። ሌላው 9ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛ፣ 14ኛና 17ኛ ገባ፤ ድምሩ 63። ሜዳሊያውንም ፎቶውንም የወሰደው የመጀመሪያው ቡድን ነው፤ ዋንጫውን ግን ሁለተኛው ይዞ ሄደ። የሁለተኛው ቡድን ስድስተኛና ሰባተኛ ሯጮች 20ኛና 22ኛ ሆነው ገብተው ከሆነ ደግሞ፣ እነሱ ራሳቸው ሳይቆጠሩ የተቃራኒውን አራተኛና አምስተኛ ሰው ሁለት ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ገፍተዋል። እነሱ ባይኖሩ ያ ቡድን 76 ይሆን ነበር።

አሁን ሰዓቱን ያስቡ። በአንደኛ ዲቪዚዮን ፍጻሜ 255 ሰው ይሮጣል፦ 31 ቡድን በሰባት ሰው፣ ሌላው 38 በግሉ ያለፈ ነው። በግል የሚሮጡት ከቡድን ነጥቡ ስሌት ይወጣሉ። ፊት ላይ ያሉት ተበታትነው ይገባሉ፤ መሐል ላይ ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው መስመሩን ያልፋል። ኮከብዎ ከ5ኛ ወደ 2ኛ ለመምጣት ዓመት ሙሉ ለፍቶ የሚያተርፍልዎ ሦስት ነጥብ ነው። አምስተኛው ሯጭ 10 ሰከንድ ቢያሻሽል ሃያ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ስሌት የወጣ ነው።

ደረጃ 1፦ ከጁን እስከ ኦገስት አጋማሽ

አዲስ ገቢው ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጣው 5 ኪሎ ሜትር ለምዶ ነው። ኮሌጅ ሲገባ ሴቷ 6 ኪሎ ሜትር፣ ወንዱ በመደበኛው ውድድር 8፣ በአንደኛ ዲቪዚዮን ማጣሪያና ፍጻሜ ደግሞ 10 ይጠብቀዋል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ፍጥነት አይደለም፤ ኪሎ ሜትር ነው።

አዲስ ገቢ ወንድ በሳምንት ከ65 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ነባር ከ95 እስከ 130 ይሩጥ። ለሴቶች አዲሷ ከ50 እስከ 65፣ ነባሯ ከ75 እስከ 105። በየሳምንቱ የሚጨመረው ከ8 ኪሎ ሜትር አይብለጥ፤ በየአራተኛው ሳምንት ከጠቅላላው ሩቡን ያህል ይቀንሱ። የሳንባና የልብ አቅም በሳምንታት ሲሻሻል አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። ተማሪው «ምንም አልደከመኝም» እያለ ቅልጥሙ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በኤንሲኤኤ ደንብ በዚህ የትምህርት ዕረፍት ያለው ሩጫ በፈቃደኝነት ስለሆነ አሰልጣኝ ማስገደድ አይችልም። ወቅቱ ሲጀመርም የግዴታው ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከሰባቱ ቀን አንዱ ዕረፍት ነው። ስለዚህ ዕቅዱን በጽሑፍ ሰጥተው ይልቀቋቸው።

ቡድኑ ኦገስት ላይ ሲሰባሰብ በመጀመሪያው ቀን በሰዓት የሚፈትኑ አሰልጣኞች አሉ። ይቅርብዎ። ሁለት ወር ሙሉ ያልሠራው ልጅ ራሱን ላለማዋረድ ሞቶ ይሮጥና በሁለተኛው ሳምንት ሐኪም ቤት ያገኙታል። ከዚያ ይልቅ 30 ደቂቃ ሶምሶማ አብረዋቸው በብስክሌት ይሂዱ፤ ማን እንደሠራና ማን እንዳልሠራ ከአተነፋፈሱ ይታወቃል።

ለሐበሻ ተማሪዎች አንድ የሚታሰብ ነገር አለ። ጾመ ፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፤ ይኸውም ልክ ቡድኑ በሚሰባሰብበትና ኪሎ ሜትሩ ጣሪያ በሚነካበት ጊዜ። እስከ ከሰዓት የሚጾም ልጅ ካለ ከባዱን ልምምድ ከማዕድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ያድርጉለት፤ ጠዋት ዱብ ዱብ ብቻ ይበቃዋል። ከልምምድ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሶ ወይም ዳቦ ከውሃ ጋር፣ ቀጥሎ ምስር ወይም ሽሮ በብዛት። ረመዳን በሚገጥምበት ጊዜም ያው አሠራር ይሠራል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ ከፍጻሜው ውድድር ጋር አይጋጭም። ማንንም «ጹም» ወይም «ግደፍ» ማለት የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሳምንቱን መገንባት

ውድድር የሌለበት ሳምንት እንዲህ ይሄዳል። ሰኞ ቀለል ያለ ሩጫና ስትራይድ (አጭር፣ ፈጠን ያለ ሩጫ)፤ ማክሰኞ ዋናው ልምምድ፤ ረቡዕ መካከለኛ ርዝመት፣ ለወንድ 14–16፣ ለሴት 11–13 ኪሎ ሜትር፤ ሐሙስ ቀላል፤ ዓርብ ቴምፖ (በአንድ ወጥ ፍጥነት ጠንከር ያለ ሩጫ) ወይም ዳገት፤ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ፤ እሑድ ዕረፍት። ብዙ አሰልጣኞች ረጅሙን እሑድ ያደርጉታል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ልጆች ካሉዎት ግን ቅዳሜው ይሻላል፤ የዕረፍት ቀኑም እውነተኛ ዕረፍት ይሆናል።

ማክሰኞን ጠለቅ ብለን እንየው፤ ቡድን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ሯጭዎ 10 ኪሎ ሜትር በ29፡30፣ አምስተኛው በ31፡00 ይገባሉ እንበል። የአምስተኛው የውድድር ፍጥነት ለአንድ ኪሎ ሜትር 3፡06 ነው። ልምምዱ ሣር ላይ 6 ጊዜ 1 ኪሎ ሜትር፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሰባቱም አብረው በ3፡06 ይሮጣሉ፤ የሚመራው በየዙሩ ይቀያየራል፣ አንዱንም አምስተኛው ራሱ ይመራል። ለአንደኛው ይህ ፍጥነት ቴምፖ ያህል ስለሆነ ይሠራበታል እንጂ አይጎዳውም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ነጻ ናቸው፦ አንደኛው 2፡52 ሊሄድ ይችላል፤ አምስተኛው ግን አንድ ሥራ ብቻ ይሰጠዋል፣ ከፊቱ ካለው ከአራተኛው ጀርባ አለመላቀቅ።

ዙሩ የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። አንዱ ወኔ ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ2፡58 ይጎትታል፣ ሌሎቹ ይከተሉታል፣ አራተኛው ላይ አምስተኛውና ስድስተኛው ተነጥለው ለብቻቸው ይቀራሉ። በልምምድ የተላመዱት መነጠል ውድድር ላይም ይመጣል። 3፡03 እና ከዚያ በታች የመጣ ዙር ካለ አይቆጠርም፣ ይደገማል ይበሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጎትት አይኖርም።

ቴምፖው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አብሮ መሮጥ ክልክል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሳይቋረጥ፣ ወይም 4 ጊዜ 6 ደቂቃ በ1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይሄዳል። ልኩ ሦስት አራት ቃል ተናግሮ መተንፈስ የሚቻልበት ነው። አምስተኛው የአንደኛውን ቴምፖ ከተከተለ ለእሱ ውድድር ሆነበት ማለት ነው፤ ዓርብ የተወዳደረ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ረጅሙን አይጨርስም።

ዳገት፦ 8 ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ አቀበቱ መጠነኛ ይሁን፣ መመለሻው በሶምሶማ። ብዙዎች የሚዘነጉት ቁልቁለቱን ነው። ከስምንቱ ሦስቱን ወደ ታች በፍጥነት ያስወርዱ፤ እርምጃ ጠበብ፣ ደረት ትንሽ ወደ ፊት፣ ተረከዝ እንደ ፍሬን እንዳይያዝ። የአሜሪካ ሜዳዎች ብዙዎቹ እንደ ጎልፍ መጫወቻ ስለሆኑ ቁልቁለት ላይ በነጻ የሚገኝ ቦታ አለ።

ስትራይዱ 6 ጊዜ 20 ሰከንድ ነው፤ የክብደት ሥራ በሳምንት ሁለቴ ለ30 ደቂቃ። ክብደቱን በከባድ ልምምድ ቀን፣ ከሩጫው በኋላ ያድርጉት። ቀላሉ ቀን ቀላል ካልሆነ ከባዱም ከባድ ሊሆን አይችልም።

እንደ ፍላግስታፍ (2,100 ሜትር ገደማ) ወይም እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚሠሩ ከሆነ የባሕር ጠለሉን ሰዓት አይፈልጉ። በዙሮቹ መካከል ያለውን ዕረፍት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ያርዝሙ፤ ፍጥነቱን በአተነፋፈስ ይለኩ።

ደረጃ 3፦ የየቀኑ ሥርዓት

ልምምዱ 9 ሰዓት ተኩል ከተባለ 9፡30 ላይ ሩጫው ተጀምሯል ማለት ነው፤ የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ባሉት አምስት ደቂቃዎች እያንዳንዱን ሯጭ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለስንት ሰዓት ተኛህ? የት ቦታ ያምሃል? ምሳ ምን በላህ? መልሱን በደብተር ይያዙ። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከስድስት ሰዓት በታች የተኛ ልጅ የዚያን ቀን ከባድ አይሠራም፤ ፈተና ሰሞን ይህ ሕግ ግማሹን ቡድን ሊያስቀርብዎ ይችላል፣ ያስቀር።

ማሟሟቂያው 15 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ 8 ደቂቃ በእንቅስቃሴ ሰውነት ማፍታታት (እግር ማወናጨፍ፣ ጉልበት ማንሳት፣ ዝላይ)፣ መጨረሻ 4 ስትራይድ። ቆሞ ረጅም መሳሳብ ለኋላ ይቆይ። ከልምምድ በኋላ ለ10–15 ደቂቃ በሶምሶማ ሰውነት ማቀዝቀዝ አለ፤ የመጨረሻው ሰው ዋናውን ሥራ ሳይጨርስ ማንም አይጀምረውም።

«የት ያምሃል?» ሲባል መልሱን በጣታቸው ያሳዩ። መዳፉን ቅልጥሙ ላይ እያመላለሰ «እዚህ አካባቢ» የሚል ልጅ ብዙውን ጊዜ የጡንቻ ሕመም ነው ያለበት፤ ቀን ቢቀነስለት ይሻለዋል። በአንድ ጣት አንዲት ነጥብ ላይ የሚጫን፣ በአንድ እግሩ ሲዘልም የሚያመው ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው በዚያው ሰዓት ይቁም፣ ሐኪም ይየው።

ወቅቱ ሲጀመር የሁሉም፣ በተለይ የሴቶቹ፣ የብረት ክምችት (ፌሪቲን) በደም ምርመራ ይታይ። ዝቅ ያለባት ልጅ ልምምዷን እየሠራች ሰዓቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እርስዎ ስንፍና ይመስልዎታል። ሻይና ቡና ምግብ ውስጥ ያለው ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚይዙ ከማዕድ በአንድ ሰዓት ይራቁ፤ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ ተቃራኒውን ይሠራል። እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ሯጭ በቂ አትበላም ማለት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ትላክ። ሚዛኑን ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ያውጡት፤ በሰው ፊት ሯጭን መመዘን ጥቅሙ አይታወቅም፣ ጉዳቱ ግን ዓመታት ይቆያል።

ደረጃ 4፦ የውድድር ሳምንትና ቀን

በወቅቱ ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ ውድድር አይሩጡ። በየሳምንቱ የሚወዳደር ቡድን ሴፕቴምበር ላይ ያምርና ኖቬምበር ላይ ይሞታል። ሰባቱን የሚመርጡበትን መስፈርት ሴፕቴምበር ላይ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በአንድ ቀን ሩጫ ብቻ አይምረጡ።

በዋዜማው መሬቱን በእግር ይዙሩት። የሚጠብበትን ቦታ፣ ጠንካራውን መታጠፊያ፣ የዳገቱን ጫፍና መጨረሻው 400 ሜትር የሚጀምርበትን ምልክት (ዛፍ፣ ምሰሶ) እያንዳንዱ ሯጭ በቃሉ ይዞ ይንገርዎ። ዙሮቹን ያስቆጥሩ። ኢትዮጵያ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. 1981 ማድሪድ ላይ የኛ ሯጮች አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው ተፈተለኩ፤ ግላዊውን ድል አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ወሰደው፣ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሆነ። የቡድኑ ወርቅ ግን ከእጃችን አልወጣም፤ ከኋላ የመጡት በዝተው ስለገቡ።

የስፓይኩን (ባለ ጥርሱን የውድድር ጫማ) ጥርስ እንደ መሬቱ ይምረጡ፦ ለደረቅ 6፣ ለተራ ሣር 9፣ ለጭቃ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር። ማጥበቂያ ቁልፉንና ትርፍ ጥርሶችን የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ። ማሰሪያው ሁለቴ ተቋጥሮ ጫፉ ከውስጥ ይሸጎጥ፤ ጭቃ ካለ በፕላስተር ይጠቅለል።

ቁርስ ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት፣ ከዚህ ቀደም ተበልቶ የተሞከረ ነገር። ሜዳ ላይ መድረስ ሁለት ሰዓት በፊት። ሶምሶማው 50 ደቂቃ ሲቀር ይጀመራል። መጸዳጃ ቤት ሁልጊዜ ረጅም ሰልፍ አለው፤ በሰዓቱ ዕቅድ ውስጥ 15 ደቂቃ ያስገቡለት። ስፓይኩ 20 ደቂቃ ሲቀር ይጠለቃል፣ ከመነሻው መስመር ሦስት ስትራይድ ወደ ፊት፣ ቱታ የሚወልቀው አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው።

አነሳሱ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ እንደ 800 ሜትር መፈትለክ ነው፤ ዋጋው ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይከፈላል። ሌላው «ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» ነው፤ 200 ሰው ባለበት ሜዳ መንገዱ መጀመሪያ መታጠፊያ ላይ ስለሚጠብ የቀረው ቆሞ ይጠብቃል። መካከለኛው መንገድ 150 ሜትር ጠንከር ብሎ መውጣት፣ እስከ 400 ሜትር ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ከዚያ የቡድኑን ማሊያ ፈልጎ መጠጋት።

እርስዎ የሚቆሙት መጨረሻው መስመር ላይ አይደለም። ውድድሩ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛው ባለው ላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ይቁሙ፤ አምስተኛው ሰው ልቡ የሚወድቀው እዚያ ነው። ሰዓት አይንገሩት፣ ምን ያደርግበታል? «ከፊትህ ሰማያዊ ማሊያ አምስት አሉ፣ ያዛቸው» ይበሉት። ማንኛውም ሯጭ ቁጥርና ቀለም ይሰማል፤ «በርታ» ግን ሁሉም ለሁሉም የሚጮኸው ስለሆነ አይሰማም።

ለፍጻሜው 10 ቀን ሲቀር ኪሎ ሜትሩን በሩብ ይቀንሱ፤ ፍጥነቱን ግን አይንኩ። ሁሉንም በአንዴ ያቀለሉ እንደሆነ እግር ይደነዝዛል።

ደረጃ 5፦ ወጎችን መምረጥ

የአሜሪካ ኮሌጅ ቡድን ወግ ይወዳል። በዋዜማው አንድ ላይ ፓስታ ይበላል፣ ወቅቱ በቀድሞ ተማሪዎች ውድድር ይከፈታል፣ ከመነሻው በፊት ክብ ሠርቶ ይጮኻል፣ ለፍጻሜ ወንዶቹ ፀጉራቸውን ቢጫ ይቀባሉ። አብዛኛው ጉዳት የለውም። የዋዜማው እራት ላይ ግን በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ጥሬ አትክልትና ብዙ ባቄላ አይቅረብ፤ እንጀራ የለመደ ልጅ በእንጀራው ይቆይ፣ አልጫ ይደረግለት።

አዲስ ገቢን ማዋረድ፣ ማጠጣት፣ እኩለ ሌሊት ማስሮጥ «ወግ» ተብሎ ከሆነ የሚያልፈው ያጥፉት። ደንቡም ሕጉም ይከለክላል፤ ደግሞም የዛሬው አዲስ ገቢ በኖቬምበር አምስተኛ ሰውዎ ሊሆን ይችላል።

መትከል የሚገባው ወግ ነጥቡን የሚመስል ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ለአንደኛው ሳይሆን ለአምስተኛው የሚተላለፍ አንድ ነገር ይኑር፤ ያረጀ ኮፍያም ይበቃል። ሳምንቱን ልምምድ ላይ ያደርገዋል። ሰባተኛው ሳይገባ ማንም ከመጨረሻው ቦታ ወደ ድንኳኑ አይመለስ። በወላጆቹ ኢትዮጵያዊ የሆነው ያሬድ ንጉሤ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ትራኩን ብቻ ሳይሆን አገር አቋራጩንም ሮጧል፤ በፓሪስ ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ የወሰደው ያው ልጅ ነው። የመካከለኛ ርቀት ሯጮችዎን «አገር አቋራጭ የኛ አይደለም» ሲሉ አይስሟቸው፤ አምስተኛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነሱ መካከል ነው።

ደረጃ 6፦ ከውድድሩ በኋላ

በዚያው ምሽት ሁለት ቁጥር ይመዝግቡ፦ በአንደኛውና በአምስተኛው መካከል ያለውን የሰከንድ ልዩነት፣ እና አምስተኛው በግማሽ መንገድ ስንተኛ እንደነበርና ስንተኛ ሆኖ እንደገባ። ልዩነቱ ከ45 ሰከንድ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከደቂቃ ተኩል ካለፈ የማክሰኞው ልምምድ በትክክል እየተሠራ አይደለም። ልዩነቱ የጠበበው አንደኛው ስለደከመ ከሆነ ግን አይቁጠሩት፤ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፉ። አምስተኛው ከግማሽ በኋላ ደረጃ እያጣ ከሆነ ቴምፖው አንሷል ወይም አነሳሱ ፈጥኗል፤ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ሰዓት ያዩና ይለያሉ። የመጨረሻው ውድድር ካለፈ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ማንም አይሩጥ፣ የሚለምንዎ ቢኖርም። ጫማዎቹን ሰብስበው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ይመልከቱ፤ ከ600–800 ያለፈው ለጃንዋሪ ልምምድ አይመለስ።